የመክሼይን የንባብ ዕቅድ፦ እግዚአብሔርን በሙሉ ልብ ለመፈለግ ምን ያህል ያግዛል?

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ዛሬ የምገመግመው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ዕቅድ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ከ180 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የሮበርት መሪ መክሼይን ዕቅድ ይባላል። በነጻ ይገኛል። ወረቀት ላይ አትማችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አፖች ላይም አለ።

ስለ ንባብ ዕቅድ ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "ዓመቱ ሳያልቅ መጽሐፍ ቅዱስን ያስጨርሳል ወይ?" የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፣ በታማኝነት ከተከተላችሁት ያስጨርሳል። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ገጽ መጨረስና ልብን መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጌታ ኢየሱስ ከትእዛዛት ሁሉ ፊተኛው የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው ጌታ አምላክህን በፍጹም ልብህ፣ በፍጹም ነፍስህ፣ በፍጹም አሳብህ፣ በፍጹም ኃይልህ ውደድ ብሎ ነው (ማርቆስ 12፥30)። ስለዚህ ዕቅዱን የመዘንኩት በዚህ ነው፤ እግዚአብሔርን በግማሽ ልብ ማገልገል የሰለቸው፣ ከልቡ መውደድ የሚፈልግ ክርስቲያን ይህን ዕቅድ ቢይዝ ወደ ጌታ ያቀርበዋል ወይስ አንድ ተጨማሪ የቤት ሥራ ይሆንበታል?

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ዕቅዱ አራት ዓምዶች አሉት። በየቀኑ ከአራቱም ዓምዶች አንድ አንድ ክፍል ታነባላችሁ። ሁለቱ ዓምዶች ከቤተሰብ ጋር የሚነበቡ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ለብቻ፣ በስውር። ጃንዋሪ 1 ላይ የምትጀምሩት ከዘፍጥረት 1፣ ከማቴዎስ 1፣ ከዕዝራ 1 እና ከሐዋርያት ሥራ 1 ነው። አራቱም መጀመሪያዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። የፍጥረት መጀመሪያ፣ የክርስቶስ ልደት፣ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ አዲስ ጅማሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ጅማሬ። ከዚያ አራቱም እየተጓዙ ዓመቱ ያልቃል። ዲሴምበር 31 ላይ ዓምዶቹ የሚያበቁት በ2ኛ ዜና መዋዕል 36፣ በራእይ 22፣ በሚልክያስ 4 እና በዮሐንስ 21 ነው።

በዓመት ውስጥ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን ሁለት ጊዜ፣ የቀረውን ብሉይ ኪዳን አንድ ጊዜ ታነባላችሁ። በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ 1,189 ምዕራፎች አሉ። አዲስ ኪዳን 260፣ መዝሙር 150 ምዕራፍ ናቸው፣ እነሱ ሲደገሙ ድምሩ 1,599 ይሆናል። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከአራት ምዕራፍ ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቀን አጫጭር ምዕራፎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚመጡት። ሳትጣደፉ ካነበባችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የጸሎቱ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህን ቀድማችሁ ብታውቁት ጥሩ ነው፣ ቀላል ዕቅድ አይደለም።

ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ዕቅዱን ከሰውየው ለይቶ መመዘን አይቻልም። መክሼይን በስኮትላንድ ዳንዲ በምትባል ከተማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። እዚያ ማገልገል የጀመረው በ1836 ነው። ጤናው ደካማ ነበር። በ1839 ወደ ፍልስጥኤም ምድር ለአገልግሎት ሄዶ ሳለ በሱ ቦታ የቆመው ወጣት ሰባኪ ዊልያም በርንስ ሲሰብክ ዳንዲ ውስጥ ትልቅ መነቃቃት ሆነ። መክሼይን ሲመለስ በሌላ ሰው አገልግሎት የመጣውን በረከት በደስታ ተቀበለ። እኔን በጣም ይነካኛል ይሄ። ልቡ ለጌታ የተሰጠ አገልጋይ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፣ ክብሩ ወደ ማን እንደሄደ ሲያይ።

ዕቅዱን ያዘጋጀው በ1842 መጨረሻ ነው። ለራሱ ምእመናን፣ ለሚቀጥለው ዓመት። ለሽያጭ ወይም ለዝና አልጻፈውም። መንጋው በአንድ ቀን አንድ ቃል እንዲመገብ ፈልጎ ነው። ግን ያን ዓመት አብሯቸው አልጨረሰም። የታመሙትን እየጎበኘ ሳለ ተስቦ ያዘውና ማርች 25 ቀን 1843 ሞተ። ገና 29 ዓመቱ ነበር። ራሱ ባወጣው ዕቅድ የዚያ ቀን የወንጌል ንባብ ዮሐንስ 15 ነው፣ ጌታ "በእኔ ኑሩ" የሚልበት ምዕራፍ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማርች 25ን እንደ ሌላው ቀን አላነብም።

አሁን ወደ ግምገማው። የዚህ ዕቅድ ትልቁ ጥቅም፣ በኔ እይታ፣ እንዳትመርጡ ማድረጉ ነው። ጥሞናችንን በራሳችን ምርጫ ስናደርግ ወዴት እንደምንሄድ እናውቀዋለን። መዝሙር 23፣ ፊልጵስዩስ 4፣ ኢሳይያስ 40፣ ሮሜ 8። ውድ ክፍሎች ናቸው፣ ማንም አይጥላቸው። ግን የተከፈለ ልብ አንድ ጠባይ አለው፣ የሚያጽናናውን ይፈልጋል፣ የሚመረምረውን ይሸሻል። እግዚአብሔር የሚለውን ከመስማት ይልቅ መስማት የምንፈልገውን እንዲለን እናደርጋለን። ዕቅዱ ይህን መንገድ ይዘጋል። ዛሬ የተሰጣችሁ ምዕራፍ ስለ ገንዘብ ከሆነ ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ምላስ ከሆነ ስለ ምላስ ነው። የዛሬ ስሜታችሁ ምንም ይሁን ምን።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፣ ስለ ሙሉ ልብ ከሆነ የምናወራው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በዲሴምበር አጋማሽ፣ ሰው ሁሉ በደከመበት ሰዓት፣ ዕቅዱ የይሁዳ ንጉሥ አሳ ዘንድ ያደርሳችኋል፣ 2ኛ ዜና መዋዕል ከ14 እስከ 16። ማን ነው በራሱ ምርጫ ዜና መዋዕልን የሚከፍት? ግን ታሪኩን ተመልከቱ። አሳ ጣዖታትን አስወገደ። ስፍር ቁጥር የሌለው ጦር ሲመጣበት ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፣ እግዚአብሔርም ሰማው። ሕዝቡን ሰብስቦ አምላካቸውን በፍጹም ልባቸውና በፍጹም ነፍሳቸው እንዲፈልጉ ቃል ኪዳን አስገባ። በፍጹም ልባቸው ስለማሉ ይሁዳ ሁሉ ደስ እንዳለው ምዕራፍ 15 ይናገራል። ሴት አያቱን እንኳ ጣዖት ስለሠራች ከእቴጌነት ሻራት። ከዚህ በላይ መሰጠት ምን አለ?

ከዚያ ምዕራፍ 16 ይመጣል። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሌላ ጠላት ተነሣ። በዚህ ጊዜ አሳ አልጮኸም። ከእግዚአብሔር ቤት ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያ ንጉሥ ላከ፣ እርዳታ ገዛ። በፖለቲካ ዓይን ተሳክቶለታል፣ ጠላቱ ሄደለት! ግን ባለ ራእዩ አናኒ መጥቶ የእግዚአብሔር ዓይኖች ልባቸው በእርሱ ዘንድ ፍጹም የሆነውን ሊያጸኑ በምድር ሁሉ እንደሚመለከቱ ነገረው (16፥9)። ይህን የታወቀ ጥቅስ ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፣ በግድግዳ ላይም ተሰቅሎ አይተነዋል። የተነገረው ግን ለወቀሳ ነው፣ በፊት ሙሉ ልብ ለነበረው፣ አሁን ግን ለቀነሰ ሰው። አሳም ተቆጥቶ ነቢዩን አሰረው። በመጨረሻ እግሩን ሲታመም ሐኪሞችን ፈለገ፣ እግዚአብሔርን ግን አልፈለገም ይላል። ጥፋቱ ሐኪም መፈለጉ አይደለም። ከዓመታት በፊት በመጀመሪያ የሚሮጥበት ስፍራ አሁን ጭራሽ ትዝ የማይለው ሆኗል፣ እሱ ነው የሚያሳዝነው።

በዚያው ሰሞን በሌላው ዓምድ የምታነቡት ምን መሰላችሁ? ራእይ 2 እና 3። ኤፌሶን፣ ብዙ የደከመችው፣ የታገሠችው፣ ሐሰተኞችን የመረመረችው፣ ግን የቀደመውን ፍቅሯን የተወችው ቤተ ክርስቲያን። ሎዶቅያ፣ በራድም ትኩስም ያልሆነችው። እነዚህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአሳ ጎን ለጎን ስታነቡ ሰባኪ አያስፈልጋችሁም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ በዚያው ወር፣ ንጉሥ አሜስያስ ይመጣል። ስለ እሱ የተጻፈችው አጭር ዓረፍተ ነገር (2ኛ ዜና 25፥2) በእግዚአብሔር ፊት ቅን ነገር አደረገ፣ ግን በፍጹም ልብ አልነበረም የምትል ናት። ቅን ነገር ማድረግና በፍጹም ልብ ማድረግ ሁለት እንደሆኑ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው በትክክለኛው ሥራ ላይ ተገኝቶ ልቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጥሞና ላይ ተቀምጦም ቢሆን።

የአራቱ ዓምዶች መገናኘት ሌላው ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ጃንዋሪ 21ን ውሰዱ። ዘፍጥረት 22 ላይ አብርሃም የሚወደውን አንድ ልጁን ይዞ ወደ ሞሪያ ምድር ይወጣል። ማቴዎስ 21 ላይ ጌታ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ይገባል። ሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ወንድሞች እያለቀሱ ጳውሎስን ወደ ኢየሩሳሌም አትውጣ ሲሉት ለመታሰር ብቻ ሳይሆን ለመሞትም ተዘጋጅቻለሁ ይላል። 2ኛ ዜና 3፥1 ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በኢየሩሳሌም በሞሪያ ተራራ ላይ እንደሆነ ስለሚናገር ሦስቱም ጉዞዎች ወደ አንድ ስፍራ ናቸው። ሦስቱም ምንም ያልሰሰቱ ሰዎች ጉዞ። መክሼይን ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ አልፈርድም፣ መጽሐፉ ራሱ እርስ በርሱ ስለሚነጋገር ነው እንዲህ የሚሆነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ ለሚሄድ አንባቢ ግን ይህ አይገለጥለትም።

ዘሌዋውያንም አለ። ብዙ ሰው ከዘፍጥረት ጀምሮ በተርታ ሲያነብ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። በዚህ ዕቅድ ግን ዘሌዋውያን ብቻውን አይመጣም። የሚጀምረው ከዮሐንስ ወንጌል የትንሣኤ ምዕራፎች ጋር ተያይዞ ነው፣ ወዲያው ኤፕሪል ሲገባ ደግሞ መዝሙር ይከተላል። ዘሌዋውያን 1 ስለሚቃጠለው መሥዋዕት ነው፤ ከሌሎቹ መሥዋዕቶች በተለየ ሥጋው በሙሉ በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፣ ለሚበላ የሚቀር የለም። ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ የሚለምነንን ሮሜ 12ን በደንብ የሚረዳው ይህን ያነበበ ሰው ነው። ስሜት ሲሞቅ የሚባል "ሁሉን ሰጥቻለሁ" እና እንዲህ ያለው ሁሉን መስጠት ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

እሺ፣ ድክመቱስ? አለው። ትልቁም ድክመት ከትልቁ ጥቅም ጎን የተቀመጠ ነው። ያልተከፈለ ልብ ለሚፈልግ ሰው በየቀኑ አራት የተለያየ ቦታ ማንበብ ሐሳብን ይከፍላል። ገና ከያዕቆብ ጋር ስትታገሉ አስቴር ትጠራችኋለች፣ ከአስቴር ገና ሳትወጡ ሮሜ። አንዳንድ ቀን አራቱም አልፈው አንዱም ልብ ላይ አይቀርም። ይህ የአንባቢው ስንፍና ብቻ አይደለም፣ የዕቅዱም ጠባይ ነው። በተለይ ሮሜንና ዕብራውያንን የመሰሉ፣ ክርክራቸው ከምዕራፍ ምዕራፍ የሚያያዝ መልእክታት በቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ተቆራርጠው በሌላ ሦስት ነገር መሐል ሲነበቡ ክሩ ይጠፋል። እነሱን በአንድ ቁጭታ ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዕቅዱ ይህን አይፈቅድላችሁም።

ሁለተኛው የመጠኑ ነገር ነው። ከአራት ምዕራፍ በላይ በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ። ትንንሽ ልጆች ላላት እናት፣ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው፣ ታሞ ለተኛ፣ ሐዘን ላይ ላለ ይከብዳል። አንድ ሳምንት ካመለጣችሁ 28 ንባብ ይጠራቀማል፣ እና ሰው ሲያካክስ እንዴት እንደሚያነብ ይታወቃል። ዓይን ይሮጣል፣ ልብ አይከተልም።

ግን አንድ ነገር እዚህ ጋ መነገር አለበት፣ እንዲያውም ይህን ግምገማ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ድክመት መክሼይን ራሱ ቀድሞ ተናግሮታል። ዕቅዱን ለምእመናኑ ሲሰጥ ከጥቅሞቹ በፊት አደጋዎቹን ነው የጻፈላቸው። አራት አደጋ። ንባቡ ነፍስ የሌለው ልማድ ሊሆን ይችላል አላቸው። የዕለቱን ድርሻ የጨረሰ ሰው በራሱ ረክቶ ራሱን እንደ ጻድቅ ሊቆጥር ይችላል አላቸው። ሰው በእግዚአብሔር ቃል ፊት ሳይንቀጠቀጥ በግድየለሽነት ሊያነብ ይችላል አላቸው። እና ለአንዳንዱ ሊሸከመው የማይችል ቀንበር ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ከሆነባችሁ ጣሉት፣ በእግዚአብሔር ገነት በነጻነት ተመገቡ፣ እኔ የደስታችሁ ረዳት እንጂ ወጥመድ መሆን አልፈልግም በሚል መንፈስ ነገራቸው። ከባድ ከሆነብህ ተወው ብሎ አዘጋጁ ራሱ የሚነግርህ ስንት ዕቅድ ታውቃለህ? እኔ ይህንን ስላነበብኩ ነው ዕቅዱን ያመንኩት።

ከአራቱ አደጋዎች በጣም የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ልማድ መሆኑ ቢያንስ ይታወቃል፣ ሰው ደርቆበት "ዛሬ ምንም አልተሰማኝም" ይላል። ራስን ማጽደቅ ግን ደስታ መስሎ ነው የሚመጣው። መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት አንብቤ ጨረስኩ የሚል ሰው ከማያነበው ወንድሙ በላይ እንደሆነ ቀስ እያለ ይሰማዋል፣ እና ይህ ስሜት ከመንፈሳዊ ዕድገት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ለመለየት ይከብዳል። ፈሪሳዊው በቤተ መቅደስ ቆሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ሲል (ሉቃስ 18) ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ጾሞ ነበር። ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ደረቱን የመታው ቀራጭ ነው።

በዚህ ምክንያት ወረቀቱን ከአፑ አስበልጣለሁ። አፕ መጥፎ ነው አልልም። በድምፅ ያነብላችኋል፣ መንገድ ላይ ይጠቅማል፣ ማንበብ ለሚከብዳቸው ትልቅ በረከት ነው፣ ያስታውሳችኋል። አንዳንዶቹ ግን ያለማቋረጥ ያነበባችሁበትን ቀን ይቆጥራሉ፣ ምልክት ይሰጣሉ፣ ቀን ሲዘለል ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያኔ ሰው ሳያውቀው የሚጠብቀው ነገር ይለወጣል። ቁጥሩን ማዳን ይጀምራል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ምዕራፎቹን ከፈት ከፈት አድርጎ ምልክት አድርጎ መተኛት ይመጣል። እግዚአብሔር ግን በኤርምያስ 29፥13 እሹኝ፣ በፍጹም ልባችሁ ከሻችሁኝ ታገኙኛላችሁ ነው ያለው፣ ቀን ቆጥሮ አይጠብቀንም። ከዚህም ሌላ ስልኩ ላይ ሌላው ሁሉ አለ። መልእክቱ፣ ዜናው፣ ቪዲዮው። ልቡ እንዲሰበሰብለት የሚጸልይ ሰው ሐሳቡን የሚበትነውን ዕቃ በእጁ ይዞ ባይቀመጥ ይመረጣል። አፑን የምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ ማሳወቂያዎቹን ዝጉ፣ ቆጣሪውን ማጥፋት ከተቻለም አጥፉት።

የቤተሰቡ ዓምድ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። አራቱንም ለብቻው የሚያነበው ይበዛል። አይመስለኝም እንዲህ እንዲሆን የታሰበው። መክሼይን ከጥቅሞቹ መካከል የዘረዘረው አንዱ ወላጆች በየቀኑ ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ርዕስ ይኖራቸዋል የሚል ነው፣ ሌላው የምእመናኑ ፍቅርና አንድነት ይጠነክራል የሚል። ዘዳግም 6፥5 ላይ አምላክህን በፍጹም ልብህ ውደድ ከተባለ በኋላ ወዲያው የሚከተለው ለልጆችህ አስተምረው፣ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ ስትነሣ ተናገረው የሚል ነው። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልብ በግል ብቻ አያድግም። ብቻውን የሚኖር ሰው ከአንድ ጓደኛ ጋር በስልክ ማድረግ ይችላል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን አንድ ምዕራፍ አንብበው ምን እንደነካቸው ይባባላሉ። በጣም እመክራለሁ። ሌላ ሰው ሲጠይቅህ ዝም ብሎ ገጽ መግለጥ አይቻልም።

የስውሩ ዓምድ ግን ለኔ የዕቅዱ ልብ ነው። ማቴዎስ 6፥6 ላይ ጌታ ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህን ዝጋ ይላል። ማንም የማያይህ ቦታ ላይ የምታደርገው ነው ማንን እንደምትወድ የሚናገረው። እዚያ ማንበብ ብቻ አይበቃም። መክሼይን በአንድ ደብዳቤው ለአንድ ወጣት የሰጠው ምክር አለ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጸሎት ለውጠው የሚል። መዝሙር 1ን ምሳሌ አድርጎ፣ መጽሐፉን ፊትህ ከፍተህ ተንበርከክና ቁጥር በቁጥር ጸልየው አለው። ሞክሩት። መዝሙር 119ን በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው በኋላ እንደ ድሮው አያነበውም። 176 ቁጥሮች አሉት፣ በፍጹም ልቤ የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ በፍጹም ልቤ ፈለግሁህ፣ በፍጹም ልቤ ጮኽሁ። የመዝሙሩ የመጨረሻ ቁጥር ግን እንደጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ፣ ባሪያህን ፈልገው የሚል ነው። በፍጹም ልቡ የሚፈልገው ሰው ራሱ ፈልገኝ ብሎ ይጨርሳል!

እዚህ ላይ ነው የዕቅዱ ወሰን ያለው። ምንም የንባብ ዕቅድ ሙሉ ልብ አይሰጥም። ዘዳግም 6 በፍጹም ልብህ ውደድ ይላል፣ ዘዳግም 30፥6 ግን አምላክህን በፍጹም ልብህ ትወድድ ዘንድ እርሱ ራሱ ልብህን ይገርዛል ይላል። የታዘዘውን ራሱ ይሰጣል። ሕዝቅኤል 36 ላይም የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋን ልብ የሚሰጥ እርሱ ነው። እኛ እርሱን የምንወደው አስቀድሞ ስለወደደን ነው (1ኛ ዮሐንስ 4፥19)። ይህን የሚረሳ አንባቢ በትጋቱ እግዚአብሔርን ሊገዛ ይሞክራል፣ ይደክማል፣ መጨረሻ ላይ ይተዋል። ይህን የሚያስታውስ ደግሞ በየቀኑ እጁን ባዶ አድርጎ ይመጣል። ዳዊት ልቤን አንድ አድርገው ስምህንም እንድፈራ ብሎ ጸለየ (መዝሙር 86፥11)። እኔ ከማንበቤ በፊት የምጸልየው ይህን ነው፣ በዕቅዱ ውስጥ የለም፣ ግን ያለሱ ዕቅዱን አልጀምርም።

ታዲያ ለማን ይሆናል? መጽሐፍ ቅዱስን በከፊል ለሚያውቅ፣ በእምነት ጥቂት ለቆየ፣ ጥሞናው በተወሰኑ ተወዳጅ ክፍሎች ዙሪያ ለሚሽከረከር ሰው እጅግ ጥሩ ነው። ትናንት ጌታን ለተቀበለ ሰው አልሰጠውም። እሱ የማርቆስን ወንጌል ቀስ ብሎ ያንብብ፣ ከዚያ ዮሐንስን፣ ከሰው ጋር ሆኖ። ልቡ በተሰበረ ጊዜ ላይ ላለም አልመክርም፣ መዝሙር ይበቃዋል። ሌላ ምክንያት ሳይኖረው "ጊዜ የለኝም" ለሚል ሰው ግን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ጊዜው የት እንደሚሄድ ይህ ዕቅድ በአንድ ወር ውስጥ ያሳየዋል፣ እና ብዙ ጊዜ ልባችን ያለው ጊዜያችን የሄደበት ቦታ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለመጠኑና ለመበታተኑ ነው። ሁለቱንም የሚያቃልል መንገድ አለ፣ ብዙ ሰዎችም ይጠቀሙበታል፣ ዕቅዱን በሁለት ዓመት መጨረስ። አንዱን ዓመት ሁለቱን የቤተሰብ ዓምዶች፣ ቀጣዩን ዓመት ሁለቱን የስውር ዓምዶች። በቀን ወደ ሁለት ምዕራፍ ይወርዳል፣ ለመቆም፣ ለማሰላሰል፣ ለመጸለይ ቦታ ይገኛል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ቁጥር ልባችሁን ከያዘ ደግሞ እዚያው ቁሙ፣ የቀረው ይቅር። ያመለጣችሁን ቀን አታካክሱ፣ በዕለቱ ንባብ ቀጥሉ። አምና ያመለጠው ዘንድሮ ይመጣል።

ለመጀመር ጃንዋሪን መጠበቅ አያስፈልግም። የዛሬውን ቀን ፈልጋችሁ ከዚያው ግቡ። አንድ የአጠቃቀም ነገር ብቻ ልጨምር፣ መዝሙር ላይ ስትደርሱ ቁጥሩን አስተውሉ። ዕቅዱ የተዘጋጀው በዕብራይስጡ የመዝሙር ቁጥር ነው፣ አንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ደግሞ የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) ቁጥር ስለሚከተሉ አብዛኛው መዝሙር ላይ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይላሉ። ዕቅዱ 86 ሲላችሁ በእናንተ መጽሐፍ 85 ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቁጥር በቅንፍ የሚያሳይ እትም ካላችሁ ችግር የለም፣ ከሌላችሁ ግን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉት።